«ቡና ቤት ልከፍት ነው»

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቃል ነው። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ማታ አዲስ አበባ ላለችው እናታችን ይደውልና «እማዬ፣ ሥራዬን ለቅቄ ቡና ቤት ልከፍት ነው» ይላታል። አገር ቤት ላደገ ሰው «ቡና ቤት» ሲባል ምን ምን እንደሚታየው አይጠፋችሁም። ቢራ አለ፣ ጂን አለ፣ ቀይ አምፖል አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። የማይገኝበት ነገር ቢኖር ቡና ነው። እናቴ ስልኩን ዘጋችበትና ለእኔ ደወለች። «ይሄ ልጅ ምን ነክቶታል? መጠጥ ጀመረ እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ!»

«ካፌ ለማለት ነው እማዬ፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ቡና ገዝቶ ይዞ የሚሄድበት» ብዬ አስረዳኋት። በረጅሙ ተነፈሰች። ዕፎይታዋ ግን ሁለት ደቂቃም አልቆየ። «ታዲያ አምስት ኪሎ አምስት ዓመት የተማረው ቡና ሊያፈላ ነው? ለዚህ ለዚህማ ካናዳ ድረስ ምን አስኬደው? እዚሁ ሰፈራችን ረከቦት ዘርግተው የተቀመጡት ልጆች ምን አነሳቸው?»

ወንድሜ ሲቪል ኢንጂነር ነው። ቶሮንቶ የገባ ሰሞን እንደ ብዙዎቻችሁ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር እያደረ፣ ቀን ዲግሪውን ሲያስገመግምና ለፈተና ሲያጠና ነው የኖረው። የኦንታሪዮ መሐንዲሶች ማኅበር ፈቃድ ለመስጠት ይጠይቀው የነበረውን «የካናዳ የሥራ ልምድ» የሚባል እንቆቅልሽ በግንቦት 2023 (እ.ኤ.አ.) ሲያነሳ፣ የእሱም ነገር ተቃለለና ፈቃዱን አገኘ። ያን ዕለት እናቴ ለሰፈሩም ለዕድሩም አውርታለች። አሁን ደግሞ ያንኑ ሕዝብ ምን ልትለው ነው? እኔም ከእሷ ወገን ነበርኩ፤ አልዋሽም። «የምንተዳደርበትን ሙያ ለማግኘት ስንት ዓመት ፈጅቶብን፣ ለማኪያቶ?» ብዬዋለሁ።

እናቴ በክረምቱ ልትጠይቀን መጣች። ክረምት ስል የዚህን አገር ማለቴ ነው፤ ጥር ነው። ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ የተቆላና የተፈጨውን ቡና ሻንጣዋ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ በሆዷ ደግሞ ወንድሜን የምታስተውበትን ንግግር ይዛ። የመጀመሪያውን ሳምንት አንድም ነገር ሳትናገር አሳለፈች። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ራሱ ቀደማት። «ከመፍረድሽ በፊት አንድ ቦታ ልውሰድሽ። አይተሽ ከዚያ ያልሽውን በይ።»

ኩዊን ጎዳና ላይ በ501 ስትሪትካር ወደ ምዕራብ ሄድን። የካፌውን ስም ልተወው፤ የከተማው ሰው በሙሉ የሚያውቀው ነው፣ ሰንሰለት ካምፓኒ ያልያዘው፣ አንድ ባለቤት ያለው ቤት። ከበሩ ውጪ አሥራ አምስት ሰው የሚሆን ሰልፍ ነበር። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 12 ነው። እናቴ በሻርፗ ውስጥ ሆና ሰልፉን አየችና «ምን እየታደለ ነው? የቀበሌ ስኳር መጣ እንዴ?» አለች። ወንድሜ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር። ለቡና ብሎ በዚህ ብርድ የሚሰለፍ ሰው መኖሩ ሊገባት አልቻለም። ቡና ለእሷ ጎረቤት ተጠርቶ የሚጠጣ ነገር እንጂ ተሰልፈው የሚገዙት አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ከተማይቱ ትንሽ ልበል። ካናዳ ለረጅም ጊዜ የቲም ሆርተንስ አገር ናት። የመጀመሪያው ሱቅ በ1964 ሃሚልተን ላይ ተከፈተ፤ ዛሬም አውራ ጎዳናው ላይ ስትነዱ መውጫው ሁሉ እሱ ነው። ሁለት ክሬም ሁለት ስኳር ማለት የሆነው «ደብል ደብል» እንኳ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። የግለሰቦቹ ቤቶች ቀስ እያሉ ነው የመጡት። ፓርላመንት ጎዳና ላይ ጄት ፊውል በ1992 ተከፈተ፤ የብስክሌተኞች መናኸሪያ የነበረ ቤት ነው። በ2006 ዳርክ ሆርስ ኩዊን ኢስት ላይ መጣ። በ2009 ደግሞ ሳም ጄምስ ሃርቦርድ ላይ፣ በኋላ ፓይለት የሚባለው ቡና ቆይ ድርጅት የሆነው ቤት ደግሞ ሌስሊቪል ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ከእነዚህ ወዲህ የቶሮንቶ ሰው «ቡና» ከማለት አልፎ «የየት ቡና?» ብሎ መጠየቅ ለመደ። «የየት?» ሲባል ደግሞ፣ ከረጢቱ ላይ ደጋግማችሁ የምታነቡት የእኛን አገር ስም ነው።

ተራችን ደረሰ። እናቴ የምታውቀውን አዘዘች፤ ማኪያቶ። የመጣላት ግን የአውራ ጣት ታህል ስኒ ውስጥ ያለ ጥቁር ኤስፕሬሶ ነበር፤ አናቱ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ አረፋ ጠብ ተደርጎበታል። ጣሊያኖቹ ማኪያቶ የሚሉት በእርግጥ ይሄን ነው። ወተት የበዛበትን፣ ሽፋን ሽፋን የሠራውን ማኪያቶ የለመድነው እኛ ነን፤ አዲስ አበባ ውስጥ። እናቴ ስኒውን እያገላበጠች «ቀሪውስ?» አለችን። «ይሄው ነው እማዬ» አላት ወንድሜ፤ ቀጥሎም ወደ እኔ ዞር ብሎ «ገበያው አልታየሽም?» አለኝ። እሱ ሁሉንም ነገር በነጋዴ ዓይን ማየት ከጀመረ ሰንብቷል።

ማኪያቶው ላይ ተስፋ ስትቆርጥ ወንድሜ ሌላ አዘዘላት። በእጅ የሚንቆረቆረውን፣ 6 ዶላር ከ50 የሚባለውን። ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች ወጣት ባሪስታ ፍሬውን በሚዛን ለካች፣ ፈጨች፣ ከማጣሪያ ወረቀቱ ላይ በቀጭን አንገት ማንቆርቆሪያ ውኃ ቀስ እያለች በክብ በክብ አፈሰሰች። ሦስት ደቂቃ ተኩል። እናቴ ይሄን በትኩረት ተመለከተች። «ታጋሽ ናት» አለች። ከእናቴ አፍ ለማያውቁት ሰው የሚወጣ ትልቁ ምስጋና ይሄ ነው።

ልጅቷ ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ስታውቅ ፊቷ በራ። ከረጢቱን ከመደርደሪያው አውርዳ ማስረዳት ጀመረች። ጉጂ፣ ሐምበላ። ከፍታው 2,100 ሜትር። አዘገጃጀቱ «ናቹራል»። ጣዕሙ ብሉቤሪና ጃስሚን። እኔ እንደ ተማሪ ራሴን እነቀንቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቡና ሲቆላ ጭሱን ወደ ራሴ እየሳብኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። «ቡና የኛ ነው» እያልኩ ከስንት ፈረንጅ ጋር ተከራክሬያለሁ። ሐምበላ ግን በየትኛው ዞን እንደሚገኝ እንኳ አላውቅም ነበር። ጉጂን ሰምቻለሁ፤ የወርቅ አገር መሆኑን ነው የማውቀው። «ናቹራል» ማለት ደግሞ ያው ኬሚካል የሌለው ማለት መስሎኝ ነበር።

እናቴ «ምንድን ነው የምትለው?» አለችኝ። ተረጎምኩላት። ናቹራል ማለት ቀዩ ፍሬ ሳይፈለፈልና ሳይታጠብ ከነልብሱ አልጋ ላይ ተሰጥቶ የሚደርቅ ነው አልኳት፤ ልጅቷ ያለችኝን ቃል በቃል። እናቴ በትዝብት አየችኝ። «ጀንፈል በያታ! ጀንፈል ማለት እኮ ነው። ይሄን ለእኔ ታስረጂኛለሽ?»

እናቴ ጅማ አጋሮ ነው የተወለደችው። ይሄን እናውቃለን፤ ግን «አጋሮ ተወለደች» ከሚለው ዓረፍተ ነገር አልፈን ጠይቀናት አናውቅም። ለእኛ የሒሳብ መምህርት ናት፤ አዲስ አበባ ያስተማረች፣ ጡረታ የወጣች። ከከረጢቱ ሥር በትንንሽ ፊደል ዝርያው ተጽፏል፤ 74110 እና 74112 ይላል። ወንድሜ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነበው እጇን ዘርግታ ከረጢቱን ተቀበለችው። መነጽሯን አድርጋ ራሷ አነበበችው።

«ይሄ የመልኮ ቡና ነው» አለች።

መልኮ ከጅማ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ ቦታ ነው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለው እዚያ ነው፤ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው፣ ተመራማሪዎቹ በአጭሩ ሲቢዲ የሚሉት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ለጋውን አረንጓዴ ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ ፈንገስ ነው። የመልኮ ሰዎች በየጫካው እየዞሩ በሽታው ያልነካቸውን የቡና እናት ዛፎች ፈለጉ፤ በ1974 ኢሉባቦር ከመረጧቸው መካከል ጥቂቶቹ ተፈትነው በ1979 ለገበሬ ተሰጡ። ቁጥሩ ላይ ያለው 74 ያ ዓመት ነው። ዛሬ ቶሮንቶ፣ ለንደን፣ ቶኪዮ ያሉ ቡና ቆዪዎች «የኢትዮጵያ ጥንታዊ ዝርያ» እያሉ ከሚሸጡት ውስጥ ብዙው ይሄ የምርምር ውጤት ነው። ጥንታዊ አይደለም ለማለት አይደለም፤ እናቱ የጫካ ናት። ግን መርጦ፣ ፈትኖ፣ አባዝቶ ለገበሬው ያደረሰው የተማረ ሰው ነው፤ የእኛው አገር ተቋም ውስጥ የሠራ። ይሄን ከረጢቱ ላይ የሚጽፍ የለም።

እናቴ ግን ታሪኩን ከሌላው ጫፍ ነው የምታውቀው። አባቷ ማሳ ላይ ፍሬው ሲጠቁር፣ ለቅሞ ለመሸጥ አንድ ጆንያ እንኳ የማይሞላበት ዓመት ሲመጣ ልጅ ነበረች። «አባባ ዛፉን ሲቆርጥ አላለቀሰም፤ ሌሊት ግን አይተኛም ነበር» አለች። በኋላ ችግኝ መጣ፣ የመልኮ ተባለ፣ ተተከለ። እሷ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ የመጀመሪያው ምርት ገና አልደረሰም ነበር። እኔና ወንድሜ ተያየን። እኔ አርባ ልሞላ ጥቂት የቀረኝ ሴት ነኝ፤ ይሄን ታሪክ የሰማሁት ኩዊን ዌስት ላይ፣ ላፕቶፕ በከፈቱ ሰዎች መሃል ተቀምጬ፣ ከረጢት ላይ በተጻፈ ቁጥር ምክንያት ነው።

ቡናው መጣ። ስኳር የለም፣ ጤና አዳም የለም፣ ከሻይ የማይጠቁር ቀላ ያለ ፈሳሽ። አንዴ ፉት አለችና ፊቷን አጨማደደች። «አልተቆላም! ሎሚ ነው የሚለው።» ወንድሜ «ይቀዝቅዝ፣ ቆይተሽ ቅመሽው» አላት። እንግዲህ ይሄ የምንጣላበት ጉዳይ ነው። እኛ ቡናን እስኪያብረቀርቅና እስኪያጨስ እንቆላዋለን፤ እነሱ ገና ቡናማ ሲሆን ያወርዱታል፤ የፍሬው ጣዕም እንዳይቃጠል ነው ይላሉ። የትኛው ልክ ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እኔ የእናቴን ነው የምወደው። ግን ቡናው ለብ ሲል እናቴ ሁለተኛ ፉት አለች፤ ሦስተኛም። ከዚያ ዝም አለች።

«ልጅ ሆነን» አለች ቆይታ፣ «ለቀማ ላይ ቀይ ቀዩን እሸት አፋችን ውስጥ እየጨመርን እንመጠው ነበር። ይጣፍጣል። ይሄ እሱን እሱን ይላል።»

ብሉቤሪ ማለት ያ ነው ለካ። ብሉቤሪ ቀምሳ የማታውቅ ሴት፣ ቀማሾቹ ብሉቤሪ ያሉትን ነገር በገዛ ልጅነቷ አገኘችው።

እስቲ አንድ የሚያናድድ ነገር ልንገራችሁ። በአገራችን ደንብ ለውጭ ገበያ የሚመጥን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ክልክል ነው። ዶላር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው እናቴ አዲስ አበባ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ከሱቅ እየገዛች የጠጣችው ከውጭ ገበያው የተረፈውን ነው ማለት ነው። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣለች እያልን እንኮራለን፤ የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ግን አንጠይቅም። በደርግ ጊዜ ደግሞ ጥቂት ኪሎ ቡና ከጅማ ይዞ መምጣት በየኬላው የሚያስፈትሽ ነበር። እናቴ በዱቄት መሃል ደብቃ ማምጣቷን የነገረችን እየሳቀች ነው፤ ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እንግዲህ ምርጡን የአገሯን ቡና በሰባኛው ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ቁጭ ብላ የቀመሰችው ቶሮንቶ ነው፤ በ6 ዶላር ከ50።

«ስንት?» አለች ዋጋውን ስትሰማ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የምናውቀው ክርክር የሚነሳው፤ «ዘረፉን» የሚለው። እኔም ጀመርኩት። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ 850 ግራም ገደማ ይሆናል። ለአንድ ኩባያ 18 ግራም ቢገባ 47 ኩባያ ይወጣዋል። በ6 ዶላር ከ50 ስታባዙት ከ300 ዶላር በላይ ነው። በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) የኒውዮርክ የቡና ዋጋ ታሪክ ሠርቶ በፓውንድ ከ4 የአሜሪካ ዶላር ሲያልፍ እንኳ ኪሎው ወደ 9 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ለዚያች አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ደግሞ ገበሬው 6 ኪሎ የሚጠጋ ቀይ ፍሬ አንድ በአንድ በእጁ ለቅሟል።

ወንድሜ እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ልክ ነሽ፤ ግን 300ው ዶላር ኪስ የሚገባ መሰለሽ?» አለኝ። በኦንታሪዮ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ብቻ በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ 17 ዶላር ከ60 ነበር። አረንጓዴ ፀጉሯ ልጅ አንድ ኩባያ በእጅ ስታንቆረቁር ሦስት ደቂቃ ተኩል ቆማለች። የቤት ኪራይ አለ፣ ማሽን አለ፣ መድን አለ፣ ግብር አለ። ጠዋት የተሰለፈው ሰው ደግሞ ብዙው የሚጠጣው ወተት ያለበትን ነው። «ሌባ ፈልገሽ አታገኚም። ሰንሰለቱ ረጅም ነው፣ እያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንድ ሰው አለ፤ እኛ ከመጀመሪያው ቀለበት በኋላ የለንም። ይሄው ነው።»

ስም በማስከበሩ በኩል አንድ ጊዜ ታግለን አሸንፈናል። መንግሥት በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር ትልቅ ሙግት ተፈጠረ፤ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ። በ2007 ተስማሙ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን መሪ የነበሩት አቶ ታደሰ መስቀላ በየአገሩ ሲዞሩ የሚያሳየው «ብላክ ጎልድ» የሚባለው ፊልም የወጣውም በዚያ ሰሞን ነው። ብዙዎቻችን ያኔ ስታርባክስ አንገባም ብለን ነበር። ስንቶቻችን እንደጸናን እግዜር ይወቀው።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ዲያስፖራው ብዙም አልተከታተለም። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ቡናው በምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ለገበሬው የዋጋ መረጃ በመስጠትና ክፍያን በማስተማመን ብዙ ጠቅሟል፤ ሆኖም የአንዱ ቀበሌ ቡና ከሌላው ጋር እየተቀላቀለ በደረጃና በአካባቢ ስም ብቻ ይሸጥ ስለነበር፣ ከዩኒየኖቹ ውጪ ያለው ቡና የማን ማሳ እንደሆነ ማወቅ ቸገረ። ይሄ በ2017 ተሻሻለ። ዛሬ ከረጢቱ ላይ «ሐምበላ» ተብሎ ሊጻፍ የቻለው ከዚያ ወዲህ በሰፋው ቀጥታ ሽያጭ ነው። ሌላም ነበረ፤ የዶላር እጥረቱ ባየለበት ዘመን አንዳንዱ ላኪ ቡናውን በኪሳራ ይሸጥና ባገኘው ዶላር መኪና ወይም ብረት አስገብቶ ያካክስ ነበር። ቡናው ዕቃ ማስመጫ ሆኖ ነበር ማለት ነው። በሐምሌ 2024 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ይሄ ዓይነቱ ንግድ ትርጉም አጣ፤ በ2017 የበጀት ዓመት (በእኛ አቆጣጠር) አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብታለች። እነዚህን ነገሮች የነገረኝ ማን ነው? ወንድሜ። ኢንጂነሩ። ማታ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ሲያመሽ የሥራ ሥዕል የሚሠራ መስሎኝ ነበር።

ከካፌው ወጥተን፣ ስትሪትካርና ባቡር ቀያይረን፣ ግሪንዉድ ጣቢያ ወረድን። ዳንፎርዝ። ቶሮንቶ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ከግሪንዉድ ወደ ሞናርክ ፓርክ በኩል ስትሄዱ ክትፎው፣ እንጀራ ቤቱ፣ የቅመም ሱቁ፣ ፀጉር ቤቱ በአማርኛ ጽሑፍ ተከታትሎ ይገኛል። ምሳ በላን፤ ቡና ተፈላልን፣ ዕጣኑ ጨሰ፣ ፈንዲሻው መጣ። እናቴ ቤቷ የገባች ያህል ሆነች። ይሄን እዚህ ለማወዳደር ብዬ አላነሳሁትም። የዳንፎርዝ ቤቶቻችን ብዙ ሰው አሳድገዋል፤ እኔም የመጀመሪያውን የክረምት ብቸኝነቴን ያሳለፍኩት እዚያ ነው። ግን ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ያለንን እስከዛሬ አስበዋለሁ። «እኛ ጋ ቡና ከምግብ በኋላ ነው የሚመጣው። ከምግቡ ጋር ነው የሚታሰበው፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይከፈልበትም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተከፈተ ቤት ግን የለንም። ብቻውን መጥቶ ላፕቶፕ የሚከፍት ሰው ሲያዩ ‹ምነው፣ ሰው አጣ እንዴ?› ብለው ያዝኑለታል።»

እውነት ነው። እኛ ሥርዓቱን ይዘናል፤ ፍሬውን ለሌላው ትተናል። ከኩዊን ዌስቷ ልጅ ይልቅ ረከቦቱን አቀራረብ አውቃለሁ፤ እሷ ከእኔ ይልቅ ጉጂን ታውቃለች። እናቴ ሁለቱንም ታውቃለች፤ የጠየቃት ግን የለም። የወንድሜ ሐሳብ እንግዲህ እዚህ መሃል ላይ ነው። ጠዋት የአዲስ አበባው ማኪያቶና ስፕሪስ፣ የመልኮውን ቁጥር ከነታሪኩ የጻፈ ከረጢት፣ ከሰዓት ሁለት ጊዜ ጀበና፤ ቆይቶም ትንሽ የራሱ መቁያ። ሥራውን ወዲያው አይለቅም፤ የመጀመሪያውን ዓመት ግማሽ ቀን እየሠራ ሊሞክረው ነው። ይሄን ግማሽ ቀን የሚለውን እኔም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ቀድሞ ቢነግረን ኖሮ ስንት ሌሊት እንተኛ ነበር።

ይሳካለታል ብዬ አልምልላችሁም። በዚህ ከተማ አምና «በቅርብ ቀን ይከፈታል» የተባለበት መስኮት ላይ ዘንድሮ «የሚከራይ» ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። የወንድሜ ጓደኞችም ሁለት ዓይነት ናቸው፤ «ጀግና ነህ» ብለው ፎቶው ላይ ልብ የሚያደርጉ፣ «ስንት ሰው ፈቃዱን አጥቶ ታክሲ ይነዳል፣ አንተ ያገኘኸውን ትጥላለህ?» የሚሉ። ሁለተኞቹን አልወቅስም፤ ከመካከላቸው እውነትም ታክሲ የሚነዳ ሐኪም አለ።

ከምግብ ቤቱ ስንወጣ ወንድሜ ሁለት መንገድ አሳልፎ አንድ ባዶ ሱቅ ፊት አቆመን። መስታወቱ ውስጥ በጋዜጣ ተሸፍኗል። እናቴ እጇን ከጓንቷ አውጥታ፣ ግንባሯን ወደ መስታወቱ አስጠግታ፣ በጋዜጣው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየች። ብዙ ቆየች። አስተዋልኳት፤ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው ንግግር አሁን ሊመጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ኪራዩ ስንት ነው?» አለች።

«ሰባት ሺህ። በወር።»

ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ አወጣች፣ የኩዊን ዌስቱን ካፌ ደረሰኝ ገልብጣ መስታወቱ ላይ ተደግፋ መጻፍ ጀመረች። ሰባት ሺህ ለስድስት ተኩል። ከዚያ ለሠላሳ። እስክሪብቶው በብርዱ አልጽፍ ሲላት ተነፈሰችበት፤ አሟሟቀችውና ቀጠለች። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ እንደማውቃት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር።

«ለቤቱ ብቻ በቀን 36 ሲኒ» አለች። ቀና ብላ ወንድሜን አየችው። «ወተቱስ?»